ከደብረ ብርሃን ተነሥተን በላንጋኖ ዳርቻ በድንኳን ለማደር ምን ማወቅ ይኖርብናል?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁም። በጥር መጨረሻ ትምህርት ቤቶች ለመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሲዘጉ፣ እኔና ባለቤቴ የ13 ዓመት ሴት ልጃችንንና የ9 ዓመት ወንድ ልጃችንን ይዘን፣ ከአንድ የጎረቤት ቤተሰብ ጋር ሚኒባስ ተከራይተን ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ለመሄድና በአሸዋማው ዳርቻ ላይ ሁለት ሌሊት በድንኳን ለማደር አስበናል። ሐሳቡ የመጣው ከልጄ ነው። በጂኦግራፊ ትምህርቷ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ስም በቃሏ ከያዘች በኋላ፣ «እማዬ፣ ከእነዚህ ውስጥ አንዱን እንኳ አይተሻል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አላየሁም። ልጆቼ የሚያውቁት ውኃ የበሬሳ ወንዝን ነው፤ በክረምት ሲሞላ ከሩቅ ያዩታል፣ በበጋ ሲጎድል ደግሞ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። ከቤተሰባችን ዋና የሚችል አንድም ሰው የለም።

እናቴ ጉዞውን ከሰማች ጀምሮ «ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» እያለች ዕረፍት ነሥታኛለች። እኔም ልጆቹን ተስፋ ላስቆርጣቸው አልፈልግም፤ ነገር ግን ሳላውቅ ወደ አደጋ ይዣቸው መሄድ አልሻም። ስለዚህ በአካባቢው የነበራችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ እንድትመክሩኝ እለምናለሁ። የሐይቁ ውኃ ቡናማ ነው ይባላል፤ ልጆች ቢገቡበት በሽታ አያሲዝም? ወባስ? ድንኳኑን የተዋስነው ከዘመድ ስለሆነ ተክለነው አናውቅም። ከዚያም ሌላ፣ ከሐይቁ ፊት ለፊት ያለውን የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ከልጆች ጋር ማየት ለአንድ ቀን ድካም ይበቃል ወይስ ጊዜያችንን በሙሉ በዳርቻው ብናሳልፍ ይሻላል?

መልስ፦ የጤና ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት

እኅቴ፣ ጥያቄዎን ከመነሣትዎ በፊት ማቅረብዎ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ከተመለሰ በኋላ ነውና። በቅድሚያ ስለ ውኃው ልመልስ። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ የሆነው ወደ ታች የማይዘቅጥ እጅግ ደቃቅ አፈር ተንሳፍፎ ስለሚኖርበት ነው እንጂ ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው ተብሎ ለዋና የሚመረጠውም ይኸው ሐይቅ ነው። ቢልሃርዝያ በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ አድጎ ይወጣና የሰውን ቆዳ በስቶ የሚገባ ትል ነው፤ ስለዚህ እግርን ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ማስገባት እንኳ ለመያዝ ይበቃል። ይህን የምነግርዎ በመንገድዎ ላይ ባቱ ከተማ ሲደርሱ የዝዋይን ሐይቅ ስለሚያዩ ነው። ልጆቹ ከረጅም ጉዞ በኋላ ወርደው እግራቸውን ማቀዝቀዝ ይፈልጋሉ። እዚያ በሽታው መኖሩ ስለሚታወቅ፣ እባክዎን ሐይቁን ከዳር ሆነው ብቻ ይመልከቱት። የላንጋኖም ውኃ ቢሆን ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም፤ የሚጠጡትንና የሚያበስሉበትን በጀሪካን ይዘው ይሂዱ።

ወባን በተመለከተ ግን ነገሩ ይለያል፤ ዘለግ አድርጌ ብጽፍም ይታገሡኝ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ በውስጧ አይተላለፍም፤ ላንጋኖ ግን 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ወባማ አካባቢም ነው። እኛ ሸዋ ሮቢት ያለን ባለሙያዎች በየዓመቱ የምናየው ነገር አለ። የደጋ ሰው ጣርማበርን ወርዶ ለሠርግ ወይም ለንግድ ይመጣና ሁለት ሌሊት አድሮ ይመለሳል። ትኩሳቱ የሚጀምረው ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቤቱ ከገባና ጉዞውን ከረሳ በኋላ ነው። ወደ ሕክምና ሲሄድ «ብርድ መታኝ» ይላል እንጂ ቆላ ወርጄ ነበር አይልም፤ ሐኪሙም ስለ ወባ ቶሎ ላያስብ ይችላል። ከዝርያዎቹ አንዱ፣ ቫይቫክስ የሚባለው፣ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ፋልሲፓረም የሚባለው ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕፃንን እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። በመሆኑም ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ወራት ከልጆቹ አንዱን እንኳ ቢያተኩሰው፣ ቀን ሳይጨምሩ ጤና ተቋም ይውሰዱትና የመጀመሪያ ቃልዎ «ላንጋኖ አድረን ነበር፣ ደም ይመርመርልን» የሚል ይሁን።

መከላከያው ከባድ አይደለም። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁላችሁም እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ ልበሱ፤ ባልተሸፈነው ገላ ላይ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ። የድንኳኑ መስኮትና በር መረብ እንዳለውና መረቡ ያልተቀደደ መሆኑን አሁኑኑ ቤትዎ ሆነው ይፈትሹ፤ ቀዳዳ ካለ በመርፌና ክር ይስፉት። መረቡ ደኅና የሆነ ድንኳን ዚፑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተዘጋ እንደ አጎበር ያገለግላል፤ አንድ ሰው ከፍቶት ለራት ከወጣ ግን ትንኞቹን ከልጆቹ ጋር ዘግቶ ማሳደር ይሆናል። ቀድሞ ስለሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒት ደግሞ ከጉዞው ሁለት ሳምንት አስቀድመው የጤና ባለሙያ ያማክሩ፤ የልጆች መጠን በክብደታቸው ስለሚወሰን ከሰው ተቀብለው እንዳይሰጧቸው አደራ እላለሁ። የመረጡት ጊዜ ጥሩ ነው፤ የወባ ሥርጭት ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት ነውና።

መልስ፦ የሦስት ልጆች አባት፣ ደብረ ሲና

የጤና ባለሙያው በተናገሩት ላይ የምጨምረው የለኝም፤ እኔ የምጽፈው የእናትዎን ሥጋት የሚመለከት ነው፤ እናትዎ እውነት አላቸውና።

ከአራት ዓመት በፊት ቤተሰቤን ይዤ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ አድሬ ነበር። ጠዋት ላይ ውኃው እንደ ምጣድ ዝርግ ነበር፤ ልጆቹ እስከ ወገባቸው እየገቡ ሲጫወቱ ዋሉ። ለመንሳፈፊያ ይዘን የሄድነው የጭነት መኪና ካላማዳሪያ ነበር፤ ነፍተን ሰጠናቸው፣ እኛም ግራር ሥር ቁጭ ብለን ቡና እናፈላ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ያን ጊዜ የ10 ዓመት የነበረው መካከለኛው ልጄ ካላማዳሪያው ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ነፋሱም ከየብሱ ወደ ሐይቁ ይነፍስ ስለነበር ወደ መሐል ይገፋው ጀመር። ልጁ አልጮኸም፤ እየሳቀ እጁን ያውለበልብልን ነበር። እኛም ሰላም የሚለን መስሎን እጃችንን አውለበለብንለት። ሚስቴ ናት መጀመሪያ «ራቀ» ያለችው። እኔ ሮጬ እስከ ደረቴ ከገባሁ በኋላ እግሬ መሬት አጣ፤ ዋና ስለማልችል ከዚያ በላይ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ልጄን ያመጣልኝ በአቅራቢያው መረቡን ያጥብ የነበረ አንድ ዓሣ አጥማጅ ወጣት በጀልባው ሄዶ ነው። ካላማዳሪያውን እዚያው ለወጣቱ ትቼለት መጣሁ። ያደርንበት ቦታ ዳርቻውን የሚጠብቅ ዋናተኛ አልነበረውም፤ እኔም ስንገባ መኖሩን አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሰን ሄደናል፤ ልጆቼ ሐይቁን ይወዱታልና። ነገር ግን ደንብ አውጥተናል። ውኃ የሚገቡት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ነፋሱ ሳይነሣ ነው። ከወገብ በላይ አይገቡም። ካላማዳሪያ፣ በአየር የሚነፋ ፍራሽና የመሳሰለው ሁሉ ቀርቷል፤ ዋና ለማይችል ሰው ነፋስ የሚገፋው ነገር ላይ መጋደም ከባዶ እጁ የባሰ አደጋ ነው። በዚህ ፈንታ በደረት ላይ የሚታሰር የመንሳፈፊያ ጃኬት በልጆቹ ልክ ገዛን። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ አዋቂ ሰው ተመድቦ፣ ስልክ ሳይነካና ወሬ ሳይዝ፣ ልጆቹን ብቻ እያየ በውኃው ውስጥ ከእነርሱ በስተጥልቁ በኩል ይቆማል፤ በየግማሽ ሰዓቱም እንቀያየራለን። «ሁላችንም እያየናቸው ነው» ማለት ማንም አያያቸውም ማለት መሆኑን ያን ቀን ተምሬያለሁ። ውኃው ቡናማ በመሆኑም ከጉልበት በታች ያለው አይታይም፤ የሰመጠን ሕፃን እንደ ጠራ ውኃ ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ከእጅ ርዝመት መራቅ የለባችሁም።

የማደሪያ ቦታ ስትመርጡ ድንኳን የሚተከለው በሎጆችና በሆቴሎች ግቢ ውስጥ ስለሆነ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ የራስን ድንኳን ማምጣት ይፈቀዳል ወይ፣ መጸዳጃውና የገላ መታጠቢያው ለድንኳን አዳሪዎች ክፍት ነው ወይ፣ የሌሊት ጠባቂ አለ ወይ። እኛ በመጀመሪያው ጊዜ ያደርንበት ቦታ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሙዚቃ ስለነበረ ልጆቹ አልተኙም። በምዕራቡ ዳርቻ ያሉት ለዋናው አስፋልት ስለሚቀርቡ ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ይሞላሉ፤ የምሥራቁ ጸጥ ያለ ነው፣ መንገዱ ግን ኮረኮንች ነው። ከተቻለ ሰኞ ገብታችሁ ረቡዕ ውጡ። ከአካባቢው ሰው ሳትጠይቁም ቄጠማ ወደበቀለበት ዳርቻ አትሂዱ፤ በተለይ ሲመሽ።

ጠያቂዋ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ደብረ ብርሃን

የደብረ ሲናው ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ስላተረፈልዎ ተመስገን። ጽሑፍዎን ለባለቤቴ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝና ወደ ጓሮ ወጣ። ለካስ ለጉዞው ብሎ ከጎማ ሠሪ ለምኖ ያመጣው ካላማዳሪያ ነበረን። መልሶ ወስዶታል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ከአዲስ አበባ እንዲገዛልን ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። ስለ ድንኳኑ የሚያውቅ ሰው ካለ አሁንም እጠብቃለሁ።

መልስ፦ አስጎብኚ፣ መሐል ሜዳ

እኔ እንግዳ በሐይቅ ዳር አላሳድርም፤ ሥራዬ እንግዶችን በመንዝ ጓሳ ማስጎብኘት ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ፣ አባቶቻችን አስቦና ጌራ ካቀኑት ጊዜ ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ የጠበቀው ቦታ ነው። በጥር ሌሊት ውርጩ የድንኳኑን ሸራ እንደ ቆርቆሮ ያደርቀዋል። ድንኳን ግን የትም ድንኳን ስለሆነ የማውቀውን ልንገርዎ።

በመጀመሪያ ድንኳኑን ከመነሣታችሁ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ተክላችሁ አንድ ሌሊት እደሩበት። የተዋሳችሁት ድንኳን ዘንግ የጎደለው፣ ዚፑ የተበላሸ ወይም ስፌቱ የሚያፈስ ሊሆን ይችላል፤ ይህን በሐይቁ ዳር በምሽት ከማወቅ ደብረ ብርሃን በብርድ ማወቅ ይሻላል። ልጆቹም ጨለማውንና የሸራውን ድምፅ ይለምዱታል። በልቅሶና በሠርግ ድንኳን ተክሎ የማያውቅ የሸዋ ሰው የለምና ባለቤትዎ አይቸገሩም፤ ልዩነቱ ችንካሩ ላይ ነው። የእኛ መሬት ችንካርን አጥብቆ ይይዛል፤ አሸዋ ግን አይይዝም፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ነቅሎ ይወስደዋል። መፍትሔው አራት ባዶ ማዳበሪያ ይዞ መሄድ ነው። አሸዋ ሞልታችሁ፣ የድንኳኑን ገመድ አንገታቸው ላይ አስራችሁ፣ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ውስጥ ብትቀብሯቸው አይነቃነቁም።

ሁለተኛው የግራር እሾኽ ነው። ጥላ ፍለጋ ሁሉም ግራር ሥር ይተክላል፤ የወደቀው እሾኽ ግን ነጠላ ጫማ በስቶ ያልፋል፣ የድንኳኑንም ወለል እንደ ወንፊት ያደርገዋል። መጀመሪያ በቅርንጫፍ ጥረጉት፤ ከዚያም ተንበርክካችሁ በእጅ መዳፍ እየዳሰሳችሁ ልቀሙት፤ መጥረጊያ የዘለለውን መዳፍ ያገኘዋል። በላዩ ሸራ፣ በሸራው ላይ ዝተት አንጥፉና ድንኳኑን በዚያ ላይ ትከሉ። የደረቀ ቅርንጫፍ በላያችሁ የተንጠለጠለ እንዳይሆን ቀና ብላችሁ እዩ።

ሦስተኛው ጦጣ ነው፤ ደጋ ላደገ ሰው ይህ ሊያስገርም ይችላል። እኛ የለመድነው ጭላዳን ነው፤ ጭላዳ ሣር በል ስለሆነ ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሣሩን ይነጫል እንጂ የማንንም ስንቅ አይነካም። ለልጆችዎ «ጦጣ እንደ ጭላዳ አይደለም» ብለው ይንገሯቸው። በቆላው ሐይቅ ዳር ያሉት ጦጣዎች ዚፕ ይከፍታሉ። ዳቦውን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱንም ሳሙናውንም ይዘው ዛፍ ላይ ይወጣሉ። ምግብ በሙሉ ሚኒባሱ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ልጆቹም በእጃቸው እንዳይመግቧቸው፣ ጦጣዎቹ ሊነክሷቸው ይችላሉና። ሥጋ ካረዳችሁ ወይም ካበሰላችሁ ደግሞ አባ ኮዳ የሚባለው ራሰ በራ ትልቅ ወፍ በአጠገባችሁ ይቆማል፤ ቁመቱ ልጅዎን ስለሚያህል ልጁ ቢደነግጥ አይፍረዱበት።

ለስንቅ ከቤታችን የተሻለ አላውቅም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ቢያዝ ሙቀቱ አያበላሸውም፤ ድርቆሹን በትንሽ ውኃና በርበሬ ማርጠብ ብቻ ነው። እንጀራ ግን በዚያ ሙቀት ደብረ ብርሃን ላይ የሚቆየውን ያህል አይቆይም፤ ከሁለት ቀን በላይ አትመኑት። ለልብስ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጋቢ ይበቃል፤ ድርብ ብርድ ልብስና ባና ጭናችሁ ሚኒባሱን አታጨናንቁ። በምትኩ ባትሪ ሁለት ያዙ።

መልስ፦ የሚኒባስ ሾፌር፣ አረርቲ

ስለ መንገዱ አጠር አድርጌ ልናገር። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ላንጋኖ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ካልተነሣችሁ አዲስ አበባ መጨናነቁ ይይዛችሁና ወደ ሐይቁ የምትደርሱት ሊመሽ ሲል ይሆናል፤ ድንኳን ደግሞ በጨለማ አይተከልም። በቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱን ይዛችሁ ሞጆ ላይ ትወጣላችሁ፤ ከዚያ መቂ፣ ባቱ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ እያላችሁ ትወርዳላችሁ። ከሞጆ በኋላ በፍጥነት መንገዱ ሳይሆን በአሮጌው መንገድ ከተጓዛችሁ ከቆቃ ጀምሮ የአህያ ጋሪ፣ ባጃጅና ከብት በየከተማው ስለሚገባ ሾፌራችሁን አታጣድፉት። እኛ የምንጃር ሰዎች ከአረርቲ በቀጥታ ሞጆ ስለምንወርድ ጉዞው ይቀልልናል።

በመነሻችሁ ዋዜማ ማታ ከዚያው ቀን የመጣ ሾፌር ፈልጋችሁ የመንገዱን ሁኔታ፣ በሁለቱም ክልል በኩል፣ በስልክ ጠይቁ። ጥሩ አይደለም ካለ ቀኑን ቀይሩ፤ ሐይቁ የትም አይሄድም። በሌሊት ግን ከልጆች ጋር በፍጹም አትጓዙ። ሚኒባሱን ስትከራዩ ተጠባባቂ ጎማው ንፋስ እንዳለው ራሳችሁ በእጃችሁ ተጭናችሁ እዩ፤ የአንዳንዱ ጎማ ለማሳየት ብቻ የተንጠለጠለ ነው።

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር፣ አንኮበር

ስለ አብያታ ሻላ እስካሁን ማንም ስላልመለሰልዎ እኔ ልሞክር። ከልጆች ጋር አንድ ቀን መመደብ ይገባል፤ በተለይ ሴት ልጅዎ የሐይቆቹን ስም በቃሏ ከያዘች፣ ስሞቹ ምን እንደሚያገናኛቸው የምታየው እዚያ ነው። ፓርኩ በ1960ዎቹ የተቋቋመ ሲሆን 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ሰፊው ክፍሉም ውኃ ነው። ከአስፋልቱ ምሥራቅ ላንጋኖ፣ ከአስፋልቱ ምዕራብ አብያታና ሻላ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ከሩቅ ለሚያያቸው እኅትማማቾች ይመስላሉ፤ ጠባያቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ሻላ በእሳተ ገሞራ የተደረመሰ ገደል የሞላ ሲሆን 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ከአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይህን ያህል የሚጠልቅ የለም። አብያታ ደግሞ አጠገቡ ሆኖ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር አያልፍም።

ለልጅዎ ይህን ያሳዩአት። አብያታ ከራሱ የሚያወጣው ወንዝ የለም፤ የሚገባለት ውኃ ግን በአብዛኛው ከጎረቤቶቹ ነው። የዝዋይ ትርፍ በቡልቡላ ወንዝ፣ የላንጋኖ ትርፍ ደግሞ በሆራ ቀሎ ወንዝ ወደ እርሱ ይፈስሳል። ስለዚህ ከላይ ያለው ውኃ ለመስኖ ሲሳብና ከራሱም ከሐይቁ ሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ጨው) ለማምረት ሲቀዳ፣ ጉድለቱ የሚታየው በአብያታ ላይ ነው። ውኃው ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እጅግ ሸሽቷል፤ ጨውነቱም ስለበረታ ዓሣው ጠፍቷል። በሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆ ሠርተው ጫጩት የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ቀድሞ ዓሣቸውን የሚያጠምዱት ከአብያታ ነበር፤ ዓሣው ሲያልቅ ግን ወደ ሌሎች ሐይቆች መብረር ግድ ሆነባቸው። በዚህ ፈንታ ፍላሚንጎዎች በጨዋማው ውኃ የሚበቅለውን ደቃቅ ዋቅላሚ ስለሚመገቡ በዳርቻው ሲሰማሩ ይታያሉ። በጥር ወር ከአውሮፓ ክረምት ሸሽተው የመጡ ወፎችም ስለሚኖሩ የሩቅ ማያ መነጽር ያለው ሰው ካለ ተዋሱ። እኔ ተማሪዎቼን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት ሣልኩላቸው እንጂ ወስጄ ማሳየት አልቻልኩም፤ ልጅዎ ስታይ ግን የሁለት ወንዝ ጉዳይ የአንድ ወፍ ራት መሆኑ ይገባታል።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። አብያታ የሸሸበት ሜዳ ከላዩ ደርቆ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው። ሾፌሩ ወደ ወፎቹ ልጠጋ ብሎ መኪናውን እንዳያስገባ፤ ከዚያ ማውጣት የቀን ሥራ ነው። እናንተም በእግር ስትሄዱ ቅርፊቱ ከእግራችሁ ሥር መሰነጣጠቅ ሲጀምር ተመለሱ። ሌላው በሻላ ዳር የሚፈልቀው ፍል ውኃ ነው። በእኛ አገር ፍል ውኃና ጸበል ሲባል ሰው ወደ ውስጥ መግባትን ያስባል፤ ይህኛው ግን ምንጩ ላይ የሚያቃጥል ስለሆነ ልጆቹን እጃቸውን ይዛችሁ ከርቀት ብቻ አሳዩአቸው። ለጉብኝቱ ከፓርኩ በር ላይ ጥበቃ አብሯችሁ እንዲሄድ ጠይቁ፤ ሜዳውን ያውቁታል። ግቢው ውስጥ ሰጎንና የሜዳ ፍየልም ታያላችሁ፤ ወንድ ልጅዎ ከወፉ ሁሉ ይልቅ ሰጎኑን ቢያስታውስ አልገረምም።

ጠያቂዋ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ድንኳኑን ግቢያችን ውስጥ ተከልነው። ከኋለኛው መስኮት መረብ ጥግ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘን፤ ልጄ በነጭ ክር ሰፋችው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ብርዱ ስላልቻለ ወንዱ ልጅ ወደ ቤት ገባ፤ እኅቱ ግን እስኪነጋ ከአባቷ ጋር አደረች። ቀኑን ከሰኞ እስከ ረቡዕ አድርገነዋል፤ ማክሰኞን ለፓርኩ መድበናል። ውኃ ውስጥ የሚቆመውን ሰው በየግማሽ ሰዓቱ የምንቀያየርበትን ተራ ከጎረቤታችን ጋር በወረቀት ጽፈናል፤ እናቴም ወረቀቱን አስነብባ ከሰማች በኋላ «እንግዲህ ሂዱ» ብላለች።

የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት። ረቡዕ የምንውለው እዚያው ስለሆነ፣ የጾም ቀን ዓሣ የማይበላ ሰው በሐይቁ ዳር የጾም ምግብ በቀላሉ ያገኛል?

መልስ፦ የሦስት ልጆች አባት፣ ደብረ ሲና

በሆቴሎቹ ሽሮ አይጠፋም፤ ነገር ግን ሽሮ አዝዘን ከአንድ ሰዓት በላይ የጠበቅንበት ቀን ነበር። የሽሮ ዱቄትዎን፣ ዘይትዎንና ትንሽ ምድጃ ከከሰል ጋር ይያዙ፤ እሳት ማንደድ የሚፈቀድበትን ቦታ ግን ከጠባቂው ይጠይቁ። ዓሣውን ማክሰኞ ማታ ብሉት። አጥማጆቹ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ቆሮሶውን ከጀልባው ላይ ይሸጣሉ፤ እዚያው ያጸዱላችኋል። አጥንቱን ለልጆቹ ራሳችሁ ልቀሙላቸው፤ የደጋ ልጅ ዓሣ መብላት አልለመደምና።